በሽቦው ሥር ያለፈ ክር

ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ልነግራችሁ ነው። ትልቅ ሰው አይደለችም፤ ጋዜጣ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ወደፊትም አትወጣም። እኔ ከምቆርጥበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ማሽን ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሊሆናት ነው። ሥራችን የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ጉርድ ቀሚስ። አራት የስፌት ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ አንድ መስኮትና አንድ አለቃ አለን። ከእነዚህ ውስጥ ሥራ የማይሠራው አለቃው ብቻ ነው።

እኛ ጭምቷ ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ትንፍሽ አላለችም። አንገቷን ደፍታ ትገባለች፣ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፣ በመሃል «እሺ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ። እኔ ደግሞ አፌ የማያርፍ ሰው ነኝ፤ ዝም የሚል ሰው ያስጨንቀኛል፣ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅማ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን አለቃችን የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ፣ አንዱ ጎኑ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ፣ ስለ ጥራት ሊያስተምረን ፊታችን ቆመ። ተናግሮ ሲወጣ ጭምቷ ከማሽኗ ቀና ሳትል «እሱንም እነሱ ናቸው የሰፉት እንዳይሉን ብቻ» አለች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ግን መዳፏን አፏ ላይ ከድና ነበር። ያን ቀን ነው የገባኝ። ሴትዮዋ ጭምት አይደለችም፤ አፏን መክፈት የማትፈልግ ተጫዋች ናት። ስሙ ግን አንዴ ወጥቷል፣ ቀረ።

ጥርሷ ነው ነገሩ። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ወረፋ ላይ እንደሚጋፉ ሰዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ነበር፤ ክራንቻዋ ደግሞ ቦታ አጥታ ከላይ ወጥታ ከንፈሯን ትገፋዋለች። አስቀያሚ ነበር ልላችሁ አልችልም፤ እኔ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ነው የምትውለው። ልጅ ሆና እንግዳ ሲመጣ እናቷ በጆሮዋ «አፍሽን ግጠሚ» ይሏት ነበር። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ልጄን ሰው እንዳይስቅባት ብለው ነው። ግን ልጅ እንዲህ ያለውን አይረሳም። ሃያ አራት ዓመቷ ላይ አንድ ሰው ሊያገባት ፈልጎ ቤት ድረስ መጣ። ቁጭ ብለው ሲጫወቱ አንድ ነገር አስቋት፣ ሳታስበው ጥርሷን ገልጣ ሳቀች። ሰውዬው ተመልሶ አልመጣም። ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ወንድ ለመቅረት ምክንያት አያጣም። «እትዬ፣ ዓይኑ የት ላይ እንዳረፈ እኔ አውቃለሁ» አለችኝ። እትዬ ነው የምትለኝ፤ በአሥራ ስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። ምን ይባላል?

ሥራዋን ላውራላችሁ ደግሞ። ኮሌታ የእሷ ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ሹል ሆነው፣ ሳይጣመሙ፣ አንገት ላይ ሳይቆሙ እንዲተኙ ማድረግ ግን ለሁሉም አይሰጥም። አባቷ ሲሞቱ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ጀምራ ነው የሰፋችው። ከእናቷ ጋር ከመኪና ጥገና ጋራዥ ጀርባ ባለ አንድ ክፍል ቤት ትኖራለች። ጠዋት የጎማ ሽታ ይዛ ትመጣለች፤ «ሽቶዬን ወደዳችሁት?» ትለናለች። የዚህ አካባቢ ግማሽ ተማሪ አንገቱ ላይ የእሷን ስፌት ይዞ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ ማን እንደሰፋለት አያውቅም እንጂ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላት ጥርሴን ሽቦ ላሳስር ነው አለች። ገንዘቡን ከየት አመጣችው የሚለውን ተዉት፣ የራሷ ነው። አለቃችን ሰምቶ «በዚህ ዕድሜሽ? ይሄ የልጆች ነገር አይደለም እንዴ?» አላት። እኔ ቀድሜያት «አንተ በዚህ ዕድሜህ ፀጉርህን ትቀባ የለ» አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ፤ ሦስት ጥሩ ቀን ነበር።

ሽቦው በገባ ማግስት ስትመጣ ከንፈሯ አብጦ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነበር። አራት ቀን ሾርባ ብቻ ጠጣች። ግን በሩ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ ለሁላችንም አሳየችን። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ ብረት ተለጥፏል፣ በብረቶቹ ላይ ቀጭን ሽቦ አልፏል። «መንገድ ሲጠገን ሰው ይታገሣል አይደል? እናንተም ታገሡኝ፣ በጥገና ላይ ነኝ» አለችን። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጥርሷን ወዳ ስታሳየኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለት ዓመት ይፈጃል ተብላለች። ሁለት ዓመት ታግሣ እንደ ማንም ሰው አፏን ከፍታ መሳቅ፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ትእዛዟን በወረቀት ሰጥታት ነበርና ጭምቷ አነበበችልኝ። በበላሽ ቁጥር ቦርሺ ይላል። ብሩሹን ከሽቦው በላይም በታችም አዘንብለሽ፣ ድዱና ጥርሱ እስከሚገናኙበት ድረስ። ጠርሙስ ማጠቢያ በምትመስለው ትንሿ ብሩሽ በብረቶቹ መሃል ግቢ። ማታ ማታ የጥርስ ማጽጃውን ክር በሰጠሁሽ የላስቲክ መርፌ ሰክተሽ በሽቦው ሥር አሳልፈሽ በጥርስና በጥርስ መሃል አጽጂ። ሽቦ ያለበት ጥርስ ምግብ ይይዛል፣ ካልጸዳ ድዱ ይታመማል፣ ጥርሱም ይበሰብሳል። ድድሽ ቢደማ እንኳ መቦረሽ እንዳታቆሚ። ይሄን የመጨረሻውን ከሥሩ በቀይ አስምራበታለች።

ከዚያ በታች በእጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ ሥራዋን ጠይቃ የጨመረችው ነው። ክር በጥርስሽ አትቁረጪ፣ ስፒል በአፍሽ አትያዢ። እዚህ ላይ ሳቅን። ልብስ ሰፊን ክር በጥርስሽ አትቁረጪ ማለት ሾፌርን መሪ አትያዝ እንደማለት ነው። ሁለት እጅ ጨርቁን ሲይዝ መቀስ የሚያነሳ ማን ነው? አፋችን ሦስተኛ እጃችን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው እኔ ምስክር ነኝ። ምሳ እንደበላን ዕቃዋን በላስቲክ ከረጢት ይዛ ጓሮ ወዳለው ቧንቧ ትሄዳለች። የኪስ መስታወቷን መስኮቱ ደፍ ላይ ታቆምና ጎንበስ ብላ ከላይ፣ ከታች፣ ከውስጥ፣ ጥርስ በጥርስ። እኔ ስምንት ኮሌታ እስክቆርጥ አትጨርስም። «ማሽን እንኳ እንዲህ አይወለወልም» እላታለሁ። «ማሽን ቢበላሽ ሌላ ይገዛል» ትለኛለች፣ አፏ አረፋ እንደሞላ። በየወሩ ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ ሽቦው ይጠብቅላታል። ሁለት ቀን ያማታል፤ በሦስተኛው ቀን መስታወቱን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ ትመጣለች። «እይማ እትዬ፣ ተላቀዋል እኮ።» እውነቷን ነበር። በስምንተኛው ወር ሁለቱ የፊት ጥርሶች ጎን ለጎን መቆም ጀምረው ነበር። ስትስቅ እጇ አገጯ ጋ ይደርስና አንዳንዴ ይመለሳል። ያን ሳይ ለራሴ የሆነልኝ ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ክሩ ልምጣ። ከፋርማሲ የምትገዛው የጥርስ ክር አለቀባት። ላስቲኩን መርፌ ጣቷ ላይ አቁማ «እትዬ፣ ይሄ እኮ መርፌ ነው፣ ያም ክር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በመርፌ ቀዳዳ ክር ሳሾልክ ኖሬ ክር ፍለጋ ፋርማሲ ልሰለፍ?» አለችኝ። ነገሩ አሳቀን። ከመደርደሪያው ላይ ነጩን ጥቅል አወረድኩላት፤ አርባ ቁጥር፣ ሸሚዝ የምንሰፋበት፣ በእጅ ሲስቡት ጣት የሚቆርጥ። «በዚህ የተሰፋ ጆንያ እንኳ አይተረተርም» ብዬ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልብስ ክሩን በሽቦው ሥር ታሳልፍ ነበር። ክሩ ጠንካራ ነው፣ ግን ብረት ላይ ሲጎተት ይበተናል፣ ብጣሹም እዚያው ይቀራል። ይሄን ሁለታችንም እናውቃለን። ማሽን ላይ ክር ሲበተን ጀርባዬን ሰጥቼ እንኳ በድምፁ ነው የማውቀው። አፍ ውስጥ ሲሆን ግን አላሰብነውም።

ከዚያ የትምህርት መክፈቻው ደረሰ። ያ ጊዜ ለእኛ ጊዜ አይደለም፣ መዓት ነው። የምሳ ሰዓታችን ሩብ ሰዓት ሆነ። አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ አንድ ሰው ሽንት ቤት ቢቆይ እንኳ በእንጨት ያንኳኳል። ጭምቷ ጥርስ በጥርስ መሆኑ ቀርቶ በውኃ ተጉመጥምጣ መመለስ ጀመረች። «ቤቴ ስገባ እቦርሻለሁ» ትላለች። ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው እንቅልፍ የሚጥላት፤ እናቷ ናቸው የነገሩኝ። የሐኪሟ ቀጠሮ አንዱ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሲደወልላት «በሚመጣው ሳምንት» ትላለች።

በዚያ ግርግር መሃል አለቃችን አንድ ነጭ ሸሚዝ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ። ኮሌታው ላይ ከስፒል ራስ የማትበልጥ ቀይ ነጠብጣብ አለች። «የማን ደም ነው?» አለ። በእኛ ቤት ነጭ ጨርቅ ላይ ደም ከማንጠብጠብ የከፋ ጥፋት የለም፤ ለዚህም ሕግ አለን። መርፌ ጣቱን የወጋው ሰው ወዲያው ይነሳል፣ ጣቱን በቁራጭ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ያስራል፣ እስኪገጥም ድረስ በዚያ ጣት ምንም አይነካም። በሌላው ይሠራል። ይሄን ሕግ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ በእሱም ያልዳነ ጣት አላየሁም። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። የተወጋ የለም። ጭምቷ ፊቷ ፍም መስሎ «ከአፌ ነው። ሳላስበው ክሩን በጥርሴ በጥሼ ነው» አለች።

ጓሮ ወሰድኳትና ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ከፊት ጥርሷ በላይ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ድዷ ቀልቶ አብጧል። በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርገው ደማ።

«ስትቦርሺ ይደማል?» አልኳት።

«ብሩሹ በነካው ቁጥር። ማጠቢያው ይቀላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ታዲያ የተወጋ ጣት በብሩሽ ይፈተጋል? ድድም ሥጋ ነው፣ አሳርፊው። ብሩሽም ክርም እዚያ ጋ አታስጠጊ። መጀመሪያ ይግጠም።»

«ዶክተሯ ግን ቢደማም እንዳታቆሚ ነው ያለችው።»

«ዶክተሯ መርፌ ወግቷት ያውቃል?» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል። ጮክ ብዬ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ።

«እሺ እትዬ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ደሙ ቆመ። ብሩሽ ካልነካው ምን ያደማዋል? ያኔ ግን ይሄ አልታየኝም። «አላልኩሽም?» አልኳት፤ ለሌሎቹም አወራሁላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጥሞ ይሆናል ብላ ብትቦርሽ ተመልሶ ደማ፣ ተመልሳ ተወችው። እኔም «ገና ነው፣ ታገሺው» አልኳት። እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ወር ሆነ።

ድዱ አብጦ ወደ ታች ወረደ፤ ብረቶቹን እስከ ግማሽ ድረስ ዋጣቸው። ቀለሙ ጠቆረ። ስታወራ ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች፤ ትንፋሿ እንደተለወጠ ታውቋት ነበር። እኔም አውቄ ነበር፣ አልነገርኳትም። ያኔ ነው ፍርሃት የያዘኝና ሐኪሟ ዘንድ ሂጂ ማለት የጀመርኩት። «ይሄን ሁሉ ቀጠሮ ቀርቼ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ትንሽ ይሻለኝና እሄዳለሁ» አለችኝ። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ መጀመሪያ መዳን ፈለገች። እኔም አላስገደድኳትም፤ የጨው ውኃ ተጉመጥመጪ እያልኩ ሰነበትኩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የላይኛው ከንፈሯ ግማሹ አብጦ፣ እስከ አፍንጫዋ ተወጥሮ መጣች። ማሽኗ ጋ አልሄደችም። ቀጥታ ወደ እኔ መጥታ በሹክሹክታ «እትዬ፣ በምላሴ ስነካው ይነቃነቃል» አለችኝ።

«የትኛው?»

«የፊቱ።»

መቀሴን አስቀመጥኩ። «ብቻዬን አልችልም፣ አንቺ አብረሽኝ ሂጂ» አለችኝ። አለቃችን «ወዴት?» ሲል እኛ በሩን አልፈን ነበር።

የሐኪሟ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ከጂብስ የተሠራ መንጋጋ ተቀምጧል። ጭምቷ ወንበሩ ላይ ተጋደመች፣ እኔ ጥግ ላይ ባለች በርጩማ ቦርሳዋን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ መብራቱን አውርዳ ከንፈሯን ገለጠችና ብዙ ቆየች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማደንዘዣ ወጋቻት፣ ጠበቀች፣ ከዚያ በቀጭን መቆንጠጫ ከድዱ ሥር መጎተት ጀመረች። መግል ወጣ፤ ከመግሉ በኋላ ሌላ ነገር ወጣ። ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው። ድብልብል ያለ፣ የወየበ ብጣሽ ነው። ምን እንደሆነ አላወቀችም፣ ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላበጠችው። እኔ ከተቀመጥኩበት አወቅሁት።

«ክር ነው?» አለች ሐኪሟ።

«የልብስ ክር» አለች ጭምቷ።

ራጅ አንስታ አሳየችን። በሌሎቹ ጥርሶች ዙሪያ ነጣ ያለ አጥንት ይታያል፤ በዚያችኛዋ ዙሪያ ጥቁር ነው። «አጥንቱ አልቋል» አለች ቀስ ብላ። «ክሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጊዜው አውጥተነው ይድን ነበር። ግን እዚህ ቦታ ለወራት ብሩሽ አልነካውም። ድድ የሚደማው ሥሩ ቆሻሻ ስላለ ነው። እንደ ሌላ ቁስል አይደለም፣ ሲተውት አይድንም፤ ቆሻሻው እየጨመረ ወደ ውስጥ ይገባል።»

እንደ ሌላ ቁስል አይደለም። እኔ ሃምሳ አምስት ዓመት ኖሬ ይሄን አላውቅም ነበር። አለማወቄ አይደለም የሚያቃጥለኝ። የምታውቀው ሰው በወረቀት ጽፋ፣ በቀይ አስምራ ሰጥታን ነበር።

«ጥርሱስ?» አለች ጭምቷ። ከንፈሯ ስለደነዘዘ ቃሉ ተንሻፎ ወጣ።

«አይተርፍም። ዛሬ መነቀል አለበት። ሽቦውንም አወልቀዋለሁ፤ ድድሽ በዚህ ሁኔታ አይችለውም፣ ሌሎቹም ይከተላሉ።»

«አሥራ አራት ወር ታግሼ?»

ሐኪሟ ጓንቷን እየለወጠች «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። «ቢደማም እንዳታቆሚ ብዬሽ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ አፍሽ እንዴት ንጹሕ እንደነበረ አስታውሳለሁ፣ ለሌሎች ታካሚዎች ሁሉ አንቺን ነበር ምሳሌ የማደርገው። ማን ነው ተዪው ያለሽ?»

ጭምቷ ወደ እኔ አልዞረችም። መብራቱን እያየች «ማንም» አለች። «ራሴ ነኝ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ቤተሰብ ነዎት?»

«አብረን ነው የምንሠራው።»

«መቦረሽ ማቆሟን ያውቁ ነበር?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው ነን። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው። ስለ አለቃው ፀጉር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለማያገባኝ ነገር ሁሉ ቀኑን ሙሉ የምለፈልፍ ሴትዮ፣ ቦርሳዋን አጥብቄ ይዤ «እኔ ምን አውቃለሁ ዶክተር» አልኩ።

መንቀሉ ጉልበት አልፈጀም፤ ጥርሱ በእጅ ሊወጣ የደረሰ ነበር። ከዚያ ብረቶቹን አንድ በአንድ ታነሳቸው ጀመር፣ እያንዳንዱ ቀጭ እያለ። ከሥራቸው ያለው ጥርስ ዙሪያውን እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ሁለቱ ላይ ጉድጓድ ጀምሯል። መስታወት ስታቀርብላት ጭምቷ አልወሰደችም። ድዱ ሲድን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይደረግልሻል፣ ሌሎቹም ወደ ነበሩበት እንዳይመለሱ መያዣ አዘጋጅልሻለሁ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ነይ አለቻት። «እሺ» አለች። አልሄደችም።

ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። እናቷ በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ነበር፤ ሲያዩዋት ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ክፈቺው ልየው» አሏት። ከፈተችው። አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ማልቀስ ጀመሩ። «እኔ ነኝ» አሉ። «አፍሽን ግጠሚ እያልኩ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ይሄን ሁሉ ያመጣሁብሽ። ያንን ባልልሽ መች ይሄ ሽቦ ያምርሽ ነበር።» ጭምቷ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ «ተዪ እማዬ» ትላቸዋለች፣ ጥጥ በአፏ ሙሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ያኔም አልተናገርኩም። እኒያ አሮጊት የእኔን ጥፋት ተሸክመው ሲያለቅሱ አየሁ፣ «በሉ ደኅና ዋሉ» ብዬ ወጣሁ።

ሥራ ስትመለስ አለቃችንን ማሽኔን ወደ ጥጉ አዙርልኝ አለችው። «እዚያ ብርሃኑ ይሻለኛል» አለች። ያ ጥግ ከቤቱ ሁሉ ጨለማው ነው። አሁን ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው፣ ለእኛ ጀርባዋን ሰጥታለች። ቀልድ የለም። ሌሎቹ ሲስቁ የእሷ ማሽን ይፈጥናል። ኮሌታዋ ግን አሁንም እንደዚያው ነው፣ ሁለቱም ጫፍ እኩል። ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ደውላላት ነበር፣ በመጨረሻው ቁጥሯን ለወጠች። «እኔ ልውሰድሽ፣ እለምንሻለሁ» ብያታለሁ። «አርባ ልደፍን ነው እትዬ። እንደገና ከየት ልጀምር?» አለችኝ። አራት ወር ሆነ። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ መሃል ማዘንበል ጀምረዋል፤ ውኃ ስትጠጣ ነው ያየሁት፣ ሳታውቅብኝ።

እኔም ደኅና አይደለሁም። ምግብ አይበላልኝም፣ ቤቴ ስገባ የሐኪሟ ጥያቄ ነው የሚጠብቀኝ። መቀሱ ሁለት ጊዜ ከመስመር ወጥቶብኛል፤ በሠላሳ ዓመት ያልሆነ ነገር ነው። አፍሬያለሁ። ብትሰድበኝ፣ መቀስ ብትወረውርብኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ እትዬ» ትለኛለች፣ ልክ እንደ ድሮው።

ባለፈው ሐሙስ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እሷ እንደ ልማዷ ጥጓ ላይ ቀረች። አንድ እስር ኮሌታ ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። «ጓሮ ውስጥ አሳርፊው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ክሩንም የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ደግሞ ምን አውቃለሁ ብዬ ካድኩሽ። ይቅር በዪኝ እህቴ።»

ማሽኗን አቆመች። አልዞረችም።

«አውቃለሁ እትዬ» አለችኝ። «ለዶክተሯ ማንም ብዬ የመለስኩት፣ አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር። ጠብቄሽ ነበር።»

እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ኮሌታዎቹን ተቀበለችኝና መስፋቷን ቀጠለች።